ከታሸገው ካርቶን የተጠራው የቤት ስሜ

ሰው ከታሸገ ካርቶን ውስጥ በቤት ስሙ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ ጠዋት ተጠራሁ። ያውም በሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እዚህ ደብረ ታቦር አይሲቲ አስተምራለሁ። ዘንድሮ «የተበላሸ ስልክና ባትሪ ሜዳ አይጣል፣ ቤትም አይከማች» የሚል ቅስቀሳ ጀምሬ የተማሪውን ጆሮ አደንቁሬዋለሁ። መርዙ አፈር ውስጥ ገብቶ ገብሱንም ከብቱንም እንደሚጎዳ ስናገር ራሴ እንኳ እፈራለሁ።

መጀመሪያ ማንም ምንም አላመጣም። የኛ አገር ሰው የሞተ ስልክ አይጥልማ! በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ያኖረዋል። ስለዚህ አርአያ ልሁን ብዬ ስክሪኑ የጠፋ አሮጌ ባለ በተን ስልኬን ሁሉም እያየ ለመሰብሰቢያ ባዘጋጀሁት ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። «አትሳሱ፣ የሞተ ሞቷል» አልኩ።

ወይ አፌ!

የአይሲቲ ክበባችን ጸሐፊ ትርንጎ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሳይሞከር ምንም ነገር ተበላሸ አይባልም ብዬ ስላስተማርኳት ትናንት ተማሪው እኔን ተከትሎ ያመጣቸውን ስልኮች አንድ በአንድ ቻርጅ አድርጋ ሞከረች። የእኔው ስክሪን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። «የሞተ» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። ካርቶኑ በፕላስተር ታሸገ፣ ዳይሬክተሩም ፈረሙበት።

ዛሬ ካርቶኑን ለማስወገድ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ከኋላ የተሰለፉት አይታዩም። እኔ ማይክ ይዤ እየተንጎራደድኩ ነው።

ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት ሴት አሳለች።

ማይኩን ከአፌ አራቅኩ።

«ማሙሽዬ» አለች ቀስ ብላ። «ተነስ እንጂ ልጄ፣ ደወሉ ተደውሏል። ምነው እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝተህ ቀረህ?»

ማሙሽዬ እኔ ነኝ። ድምፁ የእናቴ ነው። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማይኩ ወደቀ። ሰልፉ ፈረሰ፤ ጉሙ ውስጥ የሚሮጥ እግር ብቻ ይሰማኝ ነበር።

ሽማግሌው ጥበቃችን አባ ፈንታ ግን አልሮጡም። ከማደሪያቸው ጠበል በጀሪካን ይዘው መጡ። ክዳኑን እየከፈቱ «ዞር በል መምህር፣ ይሄ የደኅና አይደለም» አሉኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ገሳይ ከተማ ለማስተማር ተመድቤ ስሄድ እናቴ የስልክ ጩኸት አይቀሰቅስህም ብላ፣ እሁድ ለቅዳሴ እንድነሳ የራሷን ድምፅ ቀድታ አላርም አስደርጋልኝ ነበር። አንድ እሁድ እንኳ ተነስቼላት አላውቅም። ስልኩ ለካ የሞተው ስክሪኑ ብቻ ነው! ቻርጅ ሲያገኝ ቀኑም ሰዓቱም ተዛብቶ በሰልፍ ሰዓት ጠራኝ። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላትም።

«አባ ፈንታ፣ በእመቤቴ፣ አያፍስሱ!» ብዬ ካርቶኑ ላይ ተደፋሁ። ጠበሉ ጀርባዬ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ዳይሬክተሩ የተፈረመበት ንብረት መሆኑን ሲያስታውሱኝ እኔ ፕላስተሩን በጥርሴ እየቀደድኩ ነበር። የሰውን ስልክ ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ደግማ ስትጠራኝ አገኘኋት። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። ተማሪ ፊት!

ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። እስክሪብቶ ይዛለች።

«መምህር፣ ‹የሞተ› ያልኩትን ልሰርዘው?»



መኪናው ያለ እኔ ስልክ ሄደ። ተማሪው ከአሁኑ ማሙሽዬ ይለኝ ጀምሯል። ስልኩ ቻርጁ ሞልቶ ቁም ሣጥኔ ላይ ተቀምጧል፣ አዎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ! ስክሪኑ ስለማይታይ መቼ እንደምትጠራኝ አላውቅም። ብቻ በሚቀጥለው ጥሪዋ እነሳላታለሁ።

እስኪ ፍረዱኝ፤ ነገ ክፍል ገብቼ «የሞተ ስልክ ቤት አታስቀምጡ» የምለው በምን አፌ ነው?