ማስቲካ የወጣለትና ጨዋነት የወጣለት

[የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን። በአንዱ ሸምገል ያለው ግንበኛ፣ በሌላው ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተኝተዋል። ሁለቱም አንጀታቸውን ተቀደው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ ጥናት ይዘዋል፦ ማስቲካ ማኘክ የተኛ አንጀት ቶሎ ይቀሰቅስ እንደሆነ። ፖስታ አስመዘዟቸው፤ ለግንበኛው «ያኝክ»፣ ለዳይሬክተሩ «አያኝክ» ወጣ። ከሆድ ነፋስ ሳይወጣ ምግብ የለም፣ ሳይበሉ ወደ ቤት የለም። የዳይሬክተሩ ልጅ የምትመረቀው ነገ ነው።]

ዳይሬክተሩ፦ ቀስ ብለህ አኝክ እንጂ። ድንጋይ የምትፈልጥ ነው የምትመስለው።

ግንበኛው፦ ሲስተር በደንብ አኝክ ብላኛለች ጋሼ።

ዳይሬክተሩ፦ ለመሆኑ የምታኝከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ግንበኛው፦ ማስቲካ።

ዳይሬክተሩ፦ ማስቲካ ይላል። ስንት ዓመት ተምሮ የመጣ ሐኪም ሱቅ እንደላኩት ልጅ ማስቲካ ያድላል? ውስጡ መድኃኒት አለ።

ግንበኛው፦ ይኑር፤ ይጣፍጣል።

ዳይሬክተሩ፦ [ወደ በሩ እያዩ] እስቲ አንዷን ወዲህ በላት።

ግንበኛው፦ ለእርስዎኮ «አያኝክ» ነው የወጣልዎ።

ዳይሬክተሩ፦ ማን ላኝክ አለህ? ልመርምር ነው። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ።

[ግንበኛው አቀበላቸው። አሸተቱ፣ ላሱ፣ ከዚያ ምርመራው ጉንጫቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ።]

ግንበኛው፦ ምን ተገኘ ጋሼ?

ዳይሬክተሩ፦ [እያኘኩ] በአንድ አይታወቅም። ሌላ ጨምርልኝ።

ግንበኛው፦ ጥናታቸውን አናበላሽባቸውም?

ዳይሬክተሩ፦ ሁለት መቶ ሰው ነው የሚያጠኑት። ከባሕር አንድ ጭልፋ ቢቀዳ ማን ያውቃል?

[ጥቂት ቆየ። ከዳይሬክተሩ ብርድ ልብስ ስር ድምፅ ወጣ። አጭር አልነበረም።]

ግንበኛው፦ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎ።

ዳይሬክተሩ፦ ምን ሰምተህ ነው?

ግንበኛው፦ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰምተዋል።

ዳይሬክተሩ፦ አልጋው ነው። ብሎኑ ላልቷል።

ግንበኛው፦ ብሎን ይሸታል እንዴ ጋሼ?

[ሲስተር መዝገቧን ይዛ ብቅ አለች።]

ሲስተር፦ ነፋስ ሰማሁ ልበል? የማን ነው?

[ዳይሬክተሩ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ፊት ጆሯቸውን እንኳ አክከው የማያውቁ ሰው ናቸው። አሁን ለልጅ እግር ሴት እንዴት ብለው ይንገሯት? ጣታቸው ወደ ጎረቤት ዞረ።]

ዳይሬክተሩ፦ ከዚያ በኩል መሰለኝ።

ሲስተር፦ አሁንም ከእርስዎ ነው አባባ?

ግንበኛው፦ [ዳይሬክተሩ በዓይናቸው ሲለምኑት አይቶ] ጋሼ ካሉ እንግዲህ ይሁን።

ሲስተር፦ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ዳይሬክተሩ፦ አራት ሰዓት ከሃያ። በደንብ አይቼዋለሁ።

ሲስተር፦ እርስዎስ ጋሼ?

ዳይሬክተሩ፦ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያውቀኝም።

[ጽፋ ወጣች።]

ግንበኛው፦ ለምን ካዷት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዳይሬክተሩ፦ ሞኝ። ጥያቄው ምን ለማወቅ እንደሆነ አልገባህም? የጨዋነት ፈተና ነው። በየጠዋቱ መጥታ «ወጣልዎ?» ስትል ማን ደፍሮ እንደሚናገር ልታይ ነው። ባለጌውን እዚህ አስቀርተው ጨዋውን ይሸኛሉ።

ግንበኛው፦ እኔ ወደቅኩ ይበሉኛ።

ዳይሬክተሩ፦ አይዞህ፤ ሰው ወድቆ ነው የሚማረው።

[ሲስተር ሾርባ ይዛ ገባች። ዳይሬክተሩ ቀና ብለው አንገትጌያቸውን አስተካከሉ። አልፋቸው ሄደች።]

ሲስተር፦ አባባ፣ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከተስማማዎ ነገ በጠዋት ቤትዎ ነዎት።

ዳይሬክተሩ፦ ተሳስተሻል ልጄ። ነገ የምወጣው እኔ ነኝ።

ሲስተር፦ አንጀትዎ ሳይነቃ ወዴት ይሄዳሉ? ነፋስ አልወጣም ብለውኛል።

ዳይሬክተሩ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ወጥቷል።

ሲስተር፦ መቼ?

ዳይሬክተሩ፦ አራት ሰዓት ከሃያ።

ሲስተር፦ [መዝገቧን ገልጣ] እሱማ የአባባ ነው። ያስመዘገቡትም እርስዎ ነዎት።

ዳይሬክተሩ፦ የኔ ነው።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ቸኩለው እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንጀትዎ ሳይነቃ ባበላዎት ጉዳት ነው የማመጣብዎት።

ዳይሬክተሩ፦ [ከትራሱ ተነስተው፣ ድምፃቸው የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ሆኖ] ፈስቻለሁ አልኩሽ። እኔው ራሴ ነኝ የፈሳሁት። ማስቲካውንም ከሱ ወስጄ ሁለት አኝኬያለሁ። ጻፊው።

[በሩ ላይ የምረቃ ልብሷን በክንዷ ያንጠለጠለች ልጃቸው ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቆማለች። አንዷ አፏን በመዳፏ ይዛለች።]

ሲስተር፦ [እየጻፈች] አሁን ገና አመንኩ። ለእርስዎም ሾርባ አመጣለሁ፤ ከተስማማዎ ለምረቃው ይደርሳሉ።

ዳይሬክተሩ፦ [ወደ ግንበኛው ዞረው፣ በሹክሹክታ] የኔን ተሸክመህ ልትወጣ ነበር እኮ።

ግንበኛው፦ ኧረ የኔስ ጠዋት ነው የወጣው። እርስዎ ተኝተው ሳለ ለሲስተር በጆሮዋ ሹክ አልኳት፣ አለቀ። እንዲህ አገር ምድሩን ሰብስቦ መናገር ግን ጋሼ፣ መቼስ የተማረ ሰው ነው የሚችለው።