የድዌን ቤቶች

ድዌን: ሰውዬው ጨዋነት ይጎድለዋል። እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት፣ እሱም እጁን አነሳ፣ ቃል ግን አልወጣውም።

ላቮን: ድዌን፣ ቁልቋል ነው።

ድዌን: ቁልቋል እጅ ያነሳል?

ላቮን: ይሄኛው ካነሳ መቶ ዓመት ሆኖታል። እስካሁን አላወረደውም።

ድዌን: አውቄ ነው። አንቺ ታዪ እንደሆነ ልፈትንሽ ብዬ ነው።

(ሁለቱም ከጌጥ ድንጋይና አሮጌ ዕቃ ገበያው ወደ ሰፈራቸው እየተመለሱ ነው። ድዌን ከፊት፣ ላቮን ከኋላ።)

ድዌን መነጽሩ ላይ ተቀምጦ የሰበረው ከትናንት በስቲያ ነው። አዲሱ በፖስታ እስኪደርስ ድረስ፣ ያለ መነጽርም እንደ ጭልፊት እንደሚያይ ላገኘው ሁሉ ሲናገር ሰነበተ። ላቮን ግን ትናንት ጠዋት ማዶ ላለው የቆሻሻ በርሜል አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደምን አደርክ ሲል ሰምታዋለች፤ አልፋው ሄደች እንጂ አልተናገረችም። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ተምራለች። ቢያንስ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። እሱ አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ማሞቂያና የውሃ ቧንቧ ሲጠግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረ፤ እሷ እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለሦስት መቶ ልጅ ምሳ ስታበስል አረጀች። በየዓመቱ በረዶው የመስኮታቸውን ደፍ ሲነካ አልጋና ወጥ ቤት ያላትን ነጯን ቤት-መኪናቸውን አስነስተው ወደ አሪዞና በረሃ፣ ኳርትዝሳይት ከተማ አጠገብ ይወርዳሉ። እዚያ እንደነሱ ያሉ ጡረተኞች በሺህ ሆነው አሸዋው ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ችግሩ፣ ከመካከላቸው የሚጠግን እጅ ያለው ድዌን ብቻ መሆኑ ነው። አምና ወራቱን ሁሉ ያሳለፈው የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ወገቡ እንደ ማጭድ ጎብጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዘንድሮ እንደደረሱ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቶ ማለ። ከራሱ ቤት-መኪና በቀር የማንንም ቡሎን ላይነካ።

መሃላው የከበደው በአርዲስ ላይ ነው። አርዲስ ከካናዳ የምትመጣ ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ሮይ ባለፈው ጸደይ ሞቶባት ዘንድሮ ብቻዋን ነድታ መጣች። ቤት-መኪናዋ ከእነሱ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነጭ ናት፣ የምትቆመውም ስልሳ እርምጃ ርቃ ነው። የውሃ ፓምፕዋ ከተበላሸ አራት ቀን ሆነው። ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች ነበር፤ ልጇ በስልክ ወደ ቤትሽ ተመለሽ እያለ ሲወተውታት፣ እሁድ እሄዳለሁ ብላ ለላቮን ነገረቻት። ላቮን ድዌንን ለመነችው። እሱ ግን ምያለሁ አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

እና አሁን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ድዌን ከፊት እየመራ የራሱን መኪና አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ አርዲስ መኪና ሄደ። በሩን ከፈተ።

ላቮን: ድዌን፣ ይሄ እኮ...

ድዌን: አውቃለሁ።

ላቮን: ምኑን?

ድዌን: ልትዪ ያሰብሽውን። ጫማህን አውልቅ ልትዪ ነው። ይኸው አወለቅኩ።

ላቮን: እሱን አይደለም። ቤቱ...

ድዌን: ቤቱ የት እንዳለ ለኔ ልትነግሪኝ ነው? ከገበያ እስከዚህ ማን መራሽ? (ገብቶ የውሃውን ቧንቧ ይከፍታል። ፓምፑ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም ይላል።) ይኸው። ጠዋት ደህና ነበር። ምን አድርገሽው ነው?

ላቮን አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣ ሌላው አሸዋው ላይ እንዳለ ቆመች። ልትነግረው ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታለች፤ ሦስተኛውን ዋጠችው። አርዲስ ልብስ ልታጥብ ከተማ ወርዳለች፣ እስከ አሥር ሰዓት አትመለስም። ሰውየው የገባው የራሱ ቤት መስሎት ነው። የራሱን ቤት ቡሎን መንካት ደግሞ መሃላው አይከለክለውም። ላቮን ቀስ ብላ ገብታ በሩን ዘጋች።

ላቮን: እንጃ። ዝም ብሎ ቆመ። ብታየው ጥሩ ነበር።

ድዌን: አየዋለሁ እንጂ። (ዙሪያውን እየቃኘ) ግን ዛሬ ቤቱ ምን ሆኗል? ጸድቷል።

ላቮን: ሁልጊዜም ንጹሕ ነው።

ድዌን: አይደለም። ሁልጊዜ መቀመጫው ላይ ያንቺ ሹራብ ክምር አለ። እንዲህ ቤት መያዝ የምትችዪ ሴት እስከዛሬ ምን ይዞሽ ነው?

ላቮን ጥርሷን ነከሰች። እሱ በረጅሙ መቀመጫ ላይ ዘፍ ሲል ክንዱ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። የአርዲስ ድመት ነበረች።

ድዌን: ይሄ ትራስ ይተነፍሳል።

ላቮን: የሙቅ ውሃ ላስቲክ ነው። ለወገብህ ብዬ የገዛሁልህ።

ድዌን: ጭራ አለው።

ላቮን: ገመዱ ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው።

ድዌን: (ጭራውን ሳብ ያደርጋል፤ ድመቷ ትጮሃለች) ይጮሃል እንዴ?

ላቮን: ሲሞላ።

ድዌን: ደህና ዕቃ ነው። (ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ፎቶ ይጠጋል) ይሄስ ሰውዬ ማነው?

ፎቶው የሮይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ በረሃ አብሮት ካርታ የተጫወተው ሮይ።  የጓደኛውን ፊት ካልለየ ዓይኑ እሷ ካሰበችው በላይ ደክሟል ማለት ነው፤ እስከ ሰሜን ዳኮታ ያለውን ያን ሁሉ መንገድ ማን ሊነዳ ነው? ሆኖም የጀመረችውን መተው አልፈለገችም።

ላቮን: አንተ ነህ።

ድዌን: ፂም ነበረኝ?

ላቮን: ለአጭር ጊዜ።

ድዌን: መልከ መልካም ነበርኩ። (ክፈፉ ጠመም ብሎ ነበር፤ በሁለት ጣቱ ያቃናዋል፣ ጥቂትም ቆሞ ያየዋል) በካርታ የማጭበረብር እመስላለሁ ግን።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን የፖም ኬክ አገኘ። ሳይጠይቅ ቆረሰ። ላቮን የሰው ኬክ ነው ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ያ ኬክ ግን በጀመረችው ጨዋታ ሕግ የሷ መሆን ነበረበት።

ድዌን: ላቮን።

ላቮን: አቤት።

ድዌን: ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ኬክ ጋግረሽ አታውቂም።

ላቮን: አመሰግናለሁ።

ድዌን: ያንቺ ብዙ ጊዜ የጫማ ሶል ነው የሚመስለው። ያን ሁሉ ዓመት ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ። ይሄን ማድረግ እየቻልሽ ለምን አሰቃየሽኝ?

ላቮን: (በቀስታ) ፓምፑን ጠግን፣ ድዌን።

ድዌን: መሣሪያ ሳጥኔን አምጪልኝ። ከአልጋው ሥር ነው።

ላቮን ወደ አልጋው ጎንበስ ልትል ስትል ቀጥ አለች። ሳጥኑ ከራሳቸው አልጋ ሥር ነው፤ ያ አልጋ ግን ስልሳ እርምጃ ማዶ ነው።

ላቮን: እ... ውጪ ነው ያለው። ፀሐይ ይሙቅ ብዬ አወጣሁት።

ድዌን: መሣሪያ ሳጥን?

ላቮን: ብረት ብርድ አይወድም ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ።

ድዌን: ልክ ነኝ። ሂጂ አምጪው።

ላቮን በስልሳ ስምንት ዓመቷ ሮጠች። ሳጥኑን ተሸክማ ስትመለስ ሌላው ጎረቤታቸው ሃርላን ከራሱ ቤት-መኪና ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኛት። ሃርላን ጢሙ ደረቱን የሚሸፍን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ማሞቂያው ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት ሌሊት በአራት ብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ምን ያስሮጥሻል ሲላት አላስቻላትም። ሁሉንም ነገረችው። እየሳቀች ነገረችው። ድዌን ከየትኛውም ነጭ መኪና በር ፊት ቢያቆሙት የኔ ነው ብሎ እንደሚገባ፣ ዘዴው እንግድነቱን ሳያሳውቁ እንደ ቤቱ ባለቤት መቀበል ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ደግሞ እጁን ይዛ ወደ ሃርላን መኪና እንደምታመጣው ቃል ገባች። ሃርላን አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ነቀነቁ። አንደኛዋ ጆሮዋን አቅንታ ስትሰማ ቆይታ ወደ ሰፈሩ ውስጥ ፈጠን ብላ ሄደች።

ላቮን ስትገባ ድዌን ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳ እየተቀበላት ሠራ። ከኪሱ አንዲት ጥቁር ክብ ጎማ አውጥቶ ፓምፑ ውስጥ አስገባ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው መጀመሪያ ተፋ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወረደ። ላቮን እጇን ሥሩ አድርጋ ቆየች። ጎማዋ ከየት እንደመጣች መጠየቅ ነበረባት። ደስታዋ አላስጠየቃትም።

በሩ ተከፈተና አርዲስ የታጠበ ልብሷን እንደታቀፈች ገባች። ላቮን በዓይኗም በቅንድቧም ምልክት ሰጠቻት። አርዲስ አላየቻትም።

አርዲስ: ጎማዋ ልክ ሆነች?

ድዌን: እንደተሰፋላት።

ላቮን: የቷ ጎማ?

አርዲስ: ትናንት መጥቶ የለካት ናት። ዛሬ ከገበያ ፈልጌ አመጣለሁ፣ በሩን ሳትቆልፊ ሂጂ ብሎኝ ነበር። (ኬኩን አይታ) ዘቢብ አታድርጊበት ስላለኝም አላደረግሁም።

ላቮን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ድመቷ ጭኗ ላይ ወጣች።

ላቮን: ታውቅ ነበር።

ድዌን: መነጽሬ የሩቅ ነው፣ ላቮን። ቅርቡን አይቼ አጥቼው አላውቅም። አርባ ስድስት ዓመት ስትወለውዪው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽም?

ላቮን: ሮይንስ?

ድዌን: ሮይን በጨለማም አውቀዋለሁ። ስንት ካርታ እጅጌው ውስጥ ደብቆብኛል።

ላቮን: ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ድዌን: ሰው ፊት ምያለሁ። ዓይኑ ደክሞ፣ ተሳስቶ ሰው ቤት ገብቶ የጠገነ ሰው ግን መሃላ አፈረሰ አይባልም። አርዲስን ዝም እንድትል ለመንኳት፣ ቃሏን ጠበቀች። ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ ወሬው እስከ እራት ሰፈሩን ይዞረዋል። አሁን ይሄን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። እዚሁ ይቀራል።

 ላቮን ድመቷን ትዳብስ ጀመር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ፈጠን ፈጠን እያለች። ዓይኑ ደህና በመሆኑ ልቧ ቀለል ብሏት ነበር፤ የቀለለውን ያህል ደግሞ ሌላ ነገር ከበዳት።

አርዲስ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች። ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠግታ ውሃው ሲወርድ አሰማችው፣ ከዚያ እሁድ እንደማትመጣ ነገረችውና ዘጋች። ዓይኗን በታጠበው ፎጣ ጠረግ አደረገች። ድዌን ወደ ሌላ ወገን ዞሮ ቡሎን የሚቆጥር መሰለ። አርዲስ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ግን እጇ እዚያው ቀረ።

አርዲስ: ላቮን፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?

ድዌን: የትኞቹ ሰዎች?

በሩን ከፈተው። በአሸዋው ላይ፣ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ፣ የነጭ ቤት-መኪናዎች በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በየበሩ አንድ አንድ ሰው ቆሟል። ሁሉም ድዌንን እያዩ በደግ ፊት ፈገግ ይላሉ፣ ለታመመ ሰው ፈገግ እንደሚባለው። ከሁሉ ቀድሞ ሃርላን ክንዱን ዘርግቶ፣ ቃሉን ረገጥ እያደረገ ተናገረ።

ሃርላን: ድዌን፣ የት ጠፋህ? ና ግባ፣ ቤትህ ነው። ማሞቂያህ ተበላሽቶብሃል።

አንዲት ሴት: (ከቀጣዩ በር) የለም፣ ቤቱ ይሄ ነው። ድዌን፣ መጸዳጃህ ያፈስሳል።

አንድ ሽማግሌ: (ከዚያ ማዶ) ውዴ፣ እኔ ሚስትህ ነኝ። ጣሪያችንን እየው።

ድዌን ዓይኑን አጥብቦ አያቸው። ሩቁን ስለማያይ ስንት እንደሆኑ አልቆጠራቸውም፤ ላቮን ግን ቆጥራቸው አሥራ ሰባት ላይ አቆመች። ከዚያ ዞሮ ሚስቱን አያት። እሷ ፊቷን ድመቷ ጀርባ ውስጥ ቀብራለች።

ድዌን: (መሣሪያ ሳጥኑን ከወለሉ እያነሳ) ላቮን፣ እራት አትጠብቂኝ። ዛሬ የትኛው ቤቴ እንደማድር አላውቅም።