ሂስ ይሻልሃል ውግዘት?

ሰው «አልወደድኩትም» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልገዋል? ቦኖሻ የሚኖሩት አባቴ አንድም አላስፈለጋቸውም፤ ፊታቸውን ካዞሩብህ በቃ፣ ተወቅሰሃል፣ ተገሥጸሃል፣ ተወግዘሃልም። የቱ እንደደረሰብህ ራስህ ዕወቅ። እንግሊዞች ግን፣ እግዜር ይይላቸው፣ ለእያንዳንዱ ኩርፊያ የተለየ ስም አውጥተው እኔን፣ የሆሳዕናውን የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ መከራዬን አበሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ‹ክሪቲሳይዝ›ና ‹ዲናውንስ› ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። መዝገበ ቃላቱን ባገላብጠው ሁለቱንም መንቀፍ ይላቸዋል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብዬ፣ የጠየቀችኝ የማን ልጅ እንደሆነች ረስቼ፣ «የቀበሌ ሊቀ መንበር የስኳር ወረፋ ቢያልፍ፣ ‹ጓድ፣ ተራ ይጠብቁ› ማለት ክሪቲሳይዝ ነው፤ ‹የሕዝብ ጠላት!› ማለት ዲናውንስ ነው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ምሳሌዬ ከእኔ ቀድማ ቀበሌ ገባች። መንገድ ላይ ወፍራ ኖሮ፣ ሊቀ መንበሩ ጆሮ ስትደርስ «አስተማሪው የሕዝብ ጠላት ብሎዎታል» ሆናለች። ቅዳሜ ለስብሰባ ተጠራሁ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ ያኔ ስብሰባ የሄደ ሁሉ ቤቱ አያድርም ነበርና። ፈራሁ።

ግማሹ ተሰብሳቢ «ሂስ ይሰጠው»፣ ግማሹ «ይወገዝ» አለ። ከኋላ አንዱ «ተግሣጽስ?» ሲል ነገሩ ጭራሽ ተደበላለቀ። ሊቀ መንበሩ ላባቸውን ጠረጉና፣

«ጓድ መምህር፣ እስቲ ልዩነቱን አንተው አስረዳን» አሉኝ።

ፍረዱኝ እንግዲህ! ተከሳሹም እኔ፣ አስተርጓሚውም እኔ። «ሂስ የተሰጠው ሰው ሰኞ ሥራው ይገባል፤ የተወገዘ ግን አይገባም» አልኩ። ሌላ ልዩነት ያን ጊዜ አልታየኝም።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማትሪክ ቀርቧል አይደል?»

«ቀርቧል።»

«እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሌላ ሰው አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው ሂስ ይበቃዋል!»

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። ሊቀ መንበሩ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ሰው በራሱ ላይ እጁን ያወጣል ወይስ አያወጣም? ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም አወጣሁ። ምን ላድርግ? እጅ አለማውጣት ከሦስቱ በየትኛው እንደሚያስቀጣ አላወቅሁማ!