የመድኃኒት አጽም የሚሥሉት መምህር

ነገር ሳይደርስ የሚያስፈራራ ሰው የሌለበት ከተማ በጎጃም ምድር ገና አልተቆረቆረም። ሽፍታ ማለታችን አይደለም፤ ሽፍታስ ቢብስ ጫካው ውስጥ ነው። የወረዳ ገዥም ማለታችን አይደለም፤ ገዥንስ ሰው እጅ ነስቶ ያሳልፈዋል። የምንለው ያንን በየሰፈሩ የማይጠፋውን ቀድሞ አዋቂ ነው። ደመና በሌለበት በረዶ ይታየዋል። ሙሽሪት ከጫጉላ ሳትወጣ ፍቺዋን ይናገራል። ያለው ሳይሆን ከቀረ ይረሳዋል፤ የሆነለት እንደሆነ ግን "ብዬ ነበር!" እያለ ለቅሶ ቤት ድረስ ይመጣል።

ደጀን ያለው ቀድሞ አዋቂ የትኛው የጭነት መኪና ፍሬን እንደሚበጠስ ይናገራል አሉ። የጉንደ ወይኑ ደግሞ የትኛው ገደል እንደሚናድ ያውቃል። ለሞጣ የደረሳት ግን ከሁሉም የተማረው ነው፤ ክቡር መምህር ሣህለ ማርያም ዘብቸና። ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነበር።

ሳብሪያ እኚህን ሰው ከማንም በላይ ትፈራቸዋለች፤ ምክንያቱም መድኃኒት ትሸጣለች። ባሏ ሙሐመድሁሴን ፈቃድ አውጥቶ ከገበያው ዳር በከፈታት ሱቅ፣ እሱ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ደጀን በወረደ ቁጥር ባንኮኒው ጀርባ የምትቆመው እሷ ናት። መምህር ሣህለ ማርያም ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደ ተለቀቁ ጥቁር ኮታቸውን እንደ ለበሱ መጥተው ከሱቋ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። ገዢ ሲመጣ፣ ራሱን ያመመው አንድ ምስኪን ገበሬ ክኒኑን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል፣ ከውጭ ድምፃቸው ይመጣል፤

"ቆይ! አጽሙን ሳታየው ልትውጠው ነው?"

ገበሬው ክኒኑን ያያል፣ መምህሩን ያያል፣ ያማትባል። ከዚያ ራስ ምታቱን ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል።

"አጽም" የሚሉት የመድኃኒቱን ሥዕል ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቆጥረው፣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው፣ በክረምት ኮርስ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ያሳያቸው ጥበብ ነው። ያስተማሪው ጥበብ ለዘይትና ለቤንዚን ነበር፤ ወደ መድኃኒት የተሻገሩት በራሳቸው ድፍረት ነው። ሳብሪያን ቁጭ አድርገው አስረድተዋታል፤ እሷ ቁጭ ማለት ሳትፈልግ።

"እኅቴ ሳብሪያ፣ መድኃኒት ማለት ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ መንደር ነው። እያንዳንዱን ቤት ነጥብ አርገሽ ሣይው፤ መንገዱን መስመር አርጊው። አሁን ከዚህ ቤት ተነሥቶ እዚያኛው ቤት ለመድረስ ስንት መንገድ ያስኬዳል? ከእያንዳንዱ ቤት እስከ እያንዳንዱ ቤት ቁጠሪና ደምሪው። ባንድ ጎዳና ላይ የተዘረጋ መንደር ድምሩ ይበዛል፤ ተጠጋግቶ የተሠራ ድምሩ ያንሳል። ድምሩ የመንደሩን ጠባይ ይነግርሻል።"

"ሳይቀምሱት?"

"ሳንቀምሰው!"

ይህ ነው ያስፈራት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሁለት ብልቃጥ ይዘው መጡ። ውሃ የመሰሉ ሁለት ፈሳሾች ናቸው፤ የነጥባቸው ብዛት እኩል፣ አቀማመጡ ግን ለየቅል። በኖራ ሣሏቸው፣ ደመሩ፣ "ድምሩ ያነሰው ቀድሞ ይተናል" አሉና በሁለት ሳሕን አፈሰሱ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። ያሉት ሳሕን ሌላው ገና እርጥብ ሳለ ደረቀ። ሰው አጨበጨበ፤ ሳብሪያ ግን አላጨበጨበችም። ነገ ደግሞ የሰውን ልጅ በነጥብ ሥለው "ይህኛው ቀድሞ ይተናል" ቢሉስ?

ጎረቤቷ ጠላ ሻጯ ይርጋነሽም ከዚያ ቀን ወዲህ ባጠገባቸው ስታልፍ ነጠላዋን ትከናነባለች። "አጽም ይሥላሉ አሉ፤ የማንን አጽም? ይኼማ የደብተራ ጠልሰም ነው። የደብረ ወርቅ ሰው ሲቆጥር ለምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን" ትላለች። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነበር። በፊታቸው "ጥበበኛው መምህራችን"፣ ዞር ሲሉ "አጽሜ"።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ሙሐመድሁሴን ደጀን ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት ቀረ። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ዘይዳ ጆሮዋን አመማት። መጀመሪያ እንደ ተራ ሕመም ነበር፤ ኋላ ከጆሮዋ ጀርባ አበጠ፣ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ብርሃን ማየት ጠላች።

ሰው ሁሉ "ዶክተር" የሚለው የክሊኒኩ ድሬሰር ፋንታ መጣ። እብጠቱን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ፊቱ ተለወጠ።

"ይኼ ወደ ውስጥ ከሄደ የሚሄደው ወደ አንጎል ነው" አለ። "የሚሆናት የፔኒሲሊን መርፌ ነበር፤ አልቆብናል። መኪና አልገባም። ግን አዲስ ክኒን አለ፤ ዝናቡ ሳይጥል የመጣ ነው።"

ሳብሪያ ክኒን ሲባል ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አምና ይኸችው ልጅ ሰልፋ የሚባል ክኒን ሰጥተዋት ከንፈሯ ቆስሎ፣ ቆዳዋ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጦ፣ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው።

"ሰልፋ ነው?"

"ስሙ ሌላ ነው። ሳጥኑም ሌላ፣ ቀለሙም ሌላ" አለ ፋንታ፤ ድምፁ ግን ራሱን ያላመነ ሰው ድምፅ ነበር።

በዚህ መካከል መምህር ሣህለ ማርያም በሽተኛ ሊጠይቁ ገቡ። ሳብሪያ ዛሬስ ቤቷ ውስጥ "ይህ እንዲህ ይሆናል" የሚል አፍ እንዲከፈት አልፈለገችም። እሳቸው ግን ፋንታ ያመጣውን ሳጥን አነሡ፣ ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግተው እዚያ የታተመውን የመድኃኒቱን ሥዕል አዩ። ከኪሳቸው ኖራ አወጡና በሩ ላይ ሣሉት። ከጎኑ ያምናውን ሰልፋ ሣሉ። ቆጠሩ፣ ደመሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ሳብሪያ የምታየው ሥዕሉን አልነበረም፤ እጃቸውን ነበር። ኖራው በሩ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ወንድማማች ናቸው" አሉ በመጨረሻ። "የሚለያዩት ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ድምራቸውም ጎን ለጎን ነው።"

"መምህር፣ በሽተኛ በድምር አይታከምም" አለ ፋንታ።

"ልክ ነህ። ቁጥሩ የሚያውቀው መድኃኒቱን ነው፤ ልጅቱን አያውቃትም። የሚመሳሰል አጽም የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል ብዬ ነው የምፈራው። ልሳሳት እችላለሁ።"

ሳብሪያ ከዚህ ሰው አፍ "ልሳሳት እችላለሁ" የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ከትንቢታቸው ሁሉ ይበልጥ ይኼኛው አርበደበዳት።

"እና ልስጣት ወይስ ልተወው?"

ኖራውን በጣታቸው አገላበጡት።

"መምህር! ልስጣት ወይስ ልተወው?"

"አላውቅም፣ እኅቴ።"

"ስለ ዝናቡ ሲያውቁ፣ ስለ ሰው ትዳር ሲያውቁ፣ ስለ እያንዳንዱ ክኒን ሲያውቁ ኖረው ዛሬ ለኔ ልጅ ሲሆን አላውቅም ይሉኛል?" ጮኸችባቸው። ሽማግሌ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር።

ፋንታ አቀርቅሮ "ብቸና ጤና ጣቢያ መርፌው አይጠፋም ነበር" አለ። "ግን ማን ይሻገራል? ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለው ወንዝ ሞልቷል።"

መሙላቱን ጧት ለገበያው ያወጁት ራሳቸው መምህር ሣህለ ማርያም ነበሩ። "ዛሬ ወንዝ የሚሻገር ሰው እናቱን የማይወድ ነው" ብለዋል። በቅሎ ይፈራሉ። በክረምት የከተማዋን ጅረት እንኳ ተሻግረው አያውቁም። አሁን ግን ኖራቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ።

"እኔ እሄዳለሁ" አሉ። "ብቸና አገሬ ነው፤ አይከለክሉኝም።"

ብዙም ሳይቆይ የተከራዩት በቅሎ በጭቃው ስትንቦጫረቅ ለሳብሪያ ተሰማት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳብሪያ እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቀውም። ክኒኑ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ዘይዳ "አባ መጣ?" ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ የማይታይ ሰው ታናግራለች። ፋንታ እየመጣ በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዛታል፤ እብጠቱን አይቶ ይሄዳል። ይርጋነሽ በበሩ ብቅ እያለች "ስጫት እንጂ! አጽም ነው የምትጠብቂው?" ትላለች። ክፋት አልነበረም፤ እሷም ልጅ ቀብራለች።

መምህሩ በሄዱ በአራተኛው ቀን ከጉንደ ወይን በኩል የመጡ ገበያተኞች ወሬ ይዘው ገቡ። ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ከነበቅሎው ወንዝ ወሰደው አሉ።

ይርጋነሽ ደረቷን ደቃች። "በማርያም! ሌላ ማን ኮት ለብሶ ይሻገራል?"

ሳብሪያ አላለቀሰችም። በሩን ዘጋች፣ ክኒኑን አወረደች፣ በማንኪያ አድቅቃ በውሃ በጠበጠችው። የልጇን ራስ በክንዷ ቀና አደረገች። ማንኪያው ከከንፈሯ ሲደርስ ያምናውን ከንፈር አየችው፤ የተሰነጠቀውን፣ ደም የቋጠረውን። መለሰችው። ከዚያ እብጠቱን አየችና እንደገና አነሣችው። "ያ አላህ" አለች፣ "ብሰጣት በኔ እጅ፣ ብተዋትም በኔ እጅ። የትኛውን እጄን ልቁረጥ?"

ድንገት በሩ ላይ ያለውን የኖራ ሥዕል ተመለከተች። ነጥቡም መስመሩም አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ነበር፤ ያን ሥዕል የሣለው እጅ ተንቀጥቅጧል። ያወቀ ለመምሰል የሚናገር ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ፍርሃታቸው የእውነት ነበር። ማንኪያውን ምድጃው አመድ ላይ ደፋችው፤ ከዚያ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። መድኃኒቱን ሳይሆን ልጇን የደፋች ነበር የመሰላት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ሰው ቆሟል፤ ኮት የለውም፣ ጫማው አንድ እግር ነው፣ ከጥፍሩ እስከ ጢሙ ጭቃ ነው። ራሱ ላይ አንድ ጥቅል በነጠላ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

"ውሃ አልነካውም" አሉ መምህር ሣህለ ማርያም፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። "ፋንታን ጥሪው። ውሃ አልነካውም።"

ሲመለሱ ወንዙ እውነትም ወስዷቸው ነበር። ኮታቸውን በልቶ እሳቸውን የጉንደ ወይን ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ቀሪውን መንገድ ከፊሉን በሰው በቅሎ፣ ከፊሉን በእግራቸው ነው የመጡት። ተከራይተዋት የሄዱት በቅሎ ግን በራሷ ዋኝታ ወጥታ ሣር ስትግጥ ተገኘች።

ፋንታ መርፌውን ወጋ። በማግስቱም ወጋ። በሦስተኛው ቀን ዘይዳ ሾርባ ጠየቀች፤ ሳብሪያ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ልጅቱ አንድ ጆሮዋ ደነዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራት በግራ በኩል ዞራ ትሰማለች። ሕይወቷ ግን ተረፈ።

ከተማው "ብዬ ነበር!" የሚለውን ቃል ጠበቀ። መምህሩ አላሉትም። አዲሱ ክኒን ልጅቱን ይጎዳት ነበር ወይስ አይጎዳትም? ማንም አላወቀ፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይርጋነሽ "ቢሰጧትም ትድን ነበር" እያለች ጠላዋን ቀዳች። ፋንታ ግን ያን ክኒን ለይቶ አስቀመጠ፤ አምና ሰልፋ ለጎዳው ሰው አልሰጠውም።

አንድ ቀን ሳብሪያ ሻይ ይዛላቸው ወጣችና አግዳሚው ዳር ቆመች።

"መምህር፣ ያን ለት ፈርተው ነበር?"

"ያን ለት?" አሉ። "እኅቴ ሳብሪያ፣ እኔ ሳልፈራ የዋልኩበት ቀን የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲታመም፣ ሰማይ ሲጠቁር፣ እንግዳ ሲመጣ እሸበራለሁ። የምቆጥረው ለዚያ ነው። ስቆጥር ትንሽ እረጋጋለሁ።" ሻዩን ፉት አሉና ጨመሩ፣ "ይኼ ሻይ ሲበዛ ፈልቷል፤ ሆድ ይጎዳል።"

በሚቀጥለው መስከረም ወደ ብቸና ተዛወሩ። አገራቸው ላይ በመመደባቸው ደስ አላቸው፤ ሞጣ ደግሞ በእፎይታ ሸኘቻቸው። የጭነት መኪናው እሳቸውን ከእህል ጆንያ ላይ ጭኖ ሲወርድ "ፍሬኑን አይታችኋል?" የሚል ድምፅ ከላይ ይሰማ ነበር።

"ተመስገን!" አለች ይርጋነሽ። "ከእንግዲህ ሳንሸበር ልንኖር ነው።"

ሳብሪያ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች። "እንግዲህ ማን ይፈራልናል?" አለች በቀስታ። ወደ ሱቋም ተመለሰች።

ባንኮኒው ፊት አንድ ገበሬ ክኒን ሊገዛ ይጠብቃታል። ሳጥኑን አወረደችና እጇን በላዩ ላይ ጫነችበት።

"ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደህ፣ ምን ሆነሃል? አስታውስ። ቆዳህን ያሳከከህ አለ? አፍህን ያቆሰለህስ? ለልጅ ነው ለራስህ?"

ገበሬው ደንግጦ አያት። "ሴትዮ፣ የምትሸጪው መድኃኒት ነው ወይስ ፍርሃት?"

"ሁለቱንም" አለች ሳብሪያ። "ፍርሃቱ በነፃ ነው።"