በጋሼ ላይ ክላክስ የሚያደርግ ማነው?

ሥልጣን ላይ መውጣት ከባድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መውረድን ሞክሮት አያውቅም። በተለይ ከእድር ሊቀመንበርነት። እኛ ዘንድ ሊቀመንበር «ደከመኝ፣ አሰናብቱኝ» ሲል፣ ወጉ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎን ጥለን ለማን!» ማለት ነው። እውነት ቢደክመውስ? ማን ያምነዋል!

የጋሼ መኮንን ጣጣ ይኸው ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ የኮሎምበሱ እድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ አገር ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ስንት ዘመን የጥንቷን አቴንስ በጠመኔ ሲስሉ ኖረው፣ እግራቸው ሳይረግጣት ጡረታ ወጡ። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚከራከርበትን የፕኒክስን ኮረብታ፣ ተናጋሪው የሚቆምበትን ድንጋይ ሲያነሱ ድምፃቸው ይሰበራል። «አንዴ ባየሁት!» በሃያ ሃያ ትኬት ቆርጠው ነበር፤ ኮቪድ መጣና ካንስል ተደረገ።

አዳራሽ ሲዘጋ ስብሰባችን ሞርስ ሮድ ላይ ፓርኪንግ ሎት ሆነ። ሁሉም በየመኪናው፣ የተስማማ ክላክስ ያደርጋል። ጋሼ የድምፅ ማጉያ ይዘው መሀል ቆሙ።

«በአቴንስ የጉባኤ ሊቀመንበር በዕጣ ይወጣል፤ የሚሠራውም አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን! በዚህ ሁሉ ለቅሶ መሀል ሊቀመንበር ሆኜ ጥዬ መሄድ አልችልም። መንገድ ሲከፈት፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልሂድበት። እንድወርድ የተስማማ ክላክስ ያድርግ።»

ጸጥ።

እስቲ ፍረዱ፤ ሽበታም ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ ክላክስ የሚያደርግ ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው ነው? እኔ ጎረቤቴን አየሁ፣ ጎረቤቴ እኔን አየኝ።

«አቴናውያን የጠሉትን ሰው በድምፅ ያባርሩ ነበር» አሉ ጋሼ። «እናንተ የወደዳችሁትን በዝምታ አሰራችሁት።» ሰዉ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ።

በዓመቱ እዚያው ደግመው ጠየቁ። ግሪክ ተከፍታለች፤ እሳቸው ግን ከዘራ ጀምረዋል። ደግሞ ጸጥ። ከዘራዋን ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ክላክሱን ተጫንኩት።

«እትዬ አስካለ! ምን ነካዎት?» አለ አንዱ በመስኮት።

አልለቀቅኩትም። ከኋላዬ አንድ መኪና ተከተለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ወዲያው ፓርኪንግ ሎቱ የሠርግ አጀብ መሰለ። ጋሼ ማጉያውን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

በመስከረም ከፕኒክስ ፎቶ ላኩልኝ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ድንጋዩ አጠገብ ቆመዋል። ድንጋዩ ላይ መውጣት ክልክል ነው አሉ። አጠገቡ ሆነው ግን በኮቪድ የሞቱብንን የእድርተኞች ስም፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው ጠርተዋል።

እኔስ? ቀድማ ክላክስ ያደረገች ትተካቸው ተባለና ይኸው ሊቀመንበር ሆንኩ። ያን ፎቶ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ እዚያ ኮረብታ ላይ ቆሜ እኔም የምጠራው ስም አለኝ። ባለፈው ስብሰባ እንደምንም ደፍሬ «አሰናብቱኝ» አልኩ።

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ አስካለ፣ እርስዎን ጥለን ለማን!»

አሁን አዳራሽ ገብተናል። መኪኖቹ ውጭ ናቸው።