የዕቃ ቤቱ መብራት

ከቤት ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ «ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?» ብሎ ልቡ ደንግጦ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ባያነብ ይሻለዋል፤ አይገባውም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስጠራጠር የኖርኩ ነኝ። በሩን ቆልፌ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ከእናንተም መሀል እንደኔ ያለ አይጠፋም።

ከቡራዩ ወደምሠራበት የቆርቆሮ ሱቅ ስሄድ፣ ታክሲው አሸዋ ሜዳ ሲደርስ ለባለቤቴ ለአስካለ እደውል ነበር።

«ምድጃው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል። እኔም አልተቃጠልኩም። አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ምሳህን እንዳትረሳ!»

ከዚያ አስኮ እስክንደርስ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ሰፈሩ ሰርግ ታወራኛለች።

አንድ ቀን ልጄ ሰናይት በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ አመጣችልኝ። ገጠምኩት፤ ጣመኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሰውዬ ቪዲዮ እያየሁ አምፖሉን ሁሉ፣ ምድጃውን፣ የግቢውን በር ሳይቀር ከስልኬ ጋር አገናኘሁ። መብራት ሄዶ በሩ አልከፈት ብሎኝ ደጄ ላይ ስገተር፣ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ «አካም ኦቦ ታደሰ፣ ቤቱ አላወቀዎትም እንዴ?» ብለው በርጩማ አወጡልኝ። ለበሩም ባትሪ ገጠምኩለት። ይህ ነገር አንዴ ከያዘ አይለቅም።

መደወሉንም ተውኩት። ምን ብዬ ልደውል? ሁሉንም ስልኬ ይነግረኛል።

በዚያው ሰሞን አስካለ መርሳት ጀመረች። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ሳይ፣ የዕቃ ቤቱ መብራት በጠራራ ፀሐይ በርቷል። በጣቴ ነካ አድርጌ አጠፋዋለሁ። በማግስቱም ይበራል፤ አጠፋዋለሁ። እንዳይከፋት ብዬ ቤት ስገባ አላነሳባትም። በዚህ አስተዋይነቴ ምን ያህል እንደኮራሁ ብነግራችሁ እናንተ ታፍሩልኛላችሁ።

ባለፈው ክረምት ልቧ ከዳትና አረፈች። አርባዋ ካለፈ በኋላ ለሰናይት የመብራቱን ነገር አነሳሁላት።

«እናትሽ እኮ መርሳት ጀምራ ነበር።»



«ረስታ አይደለም፣ አባዬ። ‹ይህን ካየ ይደውልልኛል› እያለች ነበር የምታበራው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«‹ደውልልኝ ተብሎ ይለመናል?› አለችኝ።»

አሁን ጠዋት ስወጣ የዕቃ ቤቱን መብራት በገዛ እጄ አብርቼ እወጣለሁ። አሸዋ ሜዳ ስደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «መብራቱ በርቷል፤ ላጥፋው?» ይለኛል።

አልመልስለትም። አስኮ እስክንደርስ እየደጋገመ ይጠይቀኛል።