ባቡሩ ኮሎኝ ላይ እንዳይቆም የቀረበ ሐሳብ

የአረጋውያን የአውሮፓ የባቡር ጉዞ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቦታ፦ ኦክላንድ፣ አፕታውን፣ ወይዘሮ ካሳነሽ የሚኖሩበት ሕንፃ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የስብሰባው ክፍል ለሰው ልደት ስለተያዘ ነው።

የተገኙ፦
አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ሰብሳቢ
ወይዘሮ ካሳነሽ፣ አባል
ብሩክታዊት፣ የሰብሳቢው ልጅ፣ ከሳን ሆዜ፣ ቲኬትና ሰዓት የምትይዝልን
አቶ ጥሩነህ፣ ጸሐፊ፣ ማለት እኔ

አቶ ጉዲና ሥራ ላይ ናቸው። ከአምስት አራት ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ መንገዱ

ብሩክታዊት ከሮም ተነስተን በሙኒክና በኮሎኝ አድርገን አምስተርዳም እንደምንገባ በስልኳ አሳየች። የደረስንበትን ሁሉ የባቡሩ አፕ ትራክ ያደርገዋል፣ ዘመድም ቁጭ ብሎ ያያል አለች። ሰብሳቢው ደነገጡ። "የባለቤቴ እህት ሙኒክ ናት። ቤቷ ሳልገባ ማለፌን ካየች እስክሞት አታናግረኝም" አሉ። ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ሙኒክ ስንደርስ የሁሉም ስልክ እንዲጠፋ፣ ሰብሳቢውም ከወንበሩ ሥር ዝቅ እንዲሉ ተወሰነ። ወይዘሮ ካሳነሽ "በዚያ ጉልበት ዝቅ ካሉ ማን ሊያነሳዎት ነው?" ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ በባቡር በር ላይ ሰላምታ

ወይዘሮ ካሳነሽ ከምንደበቅ ዘመድ ጣቢያ መጥቶ በሩ ላይ ሰላም ይበለን አሉ። ብሩክታዊት "ኦኬ፣ ግን የሚቆመው ሦስት ደቂቃ ነው" አለች። ይበቃል አይበቃም በሚል ጭቅጭቅ ስለሆነ ልምምድ ተደረገ። የክፍሉ በር የባቡር በር ሆነ። ሰብሳቢው በሻንጣ ፋንታ የልብስ ቅርጫት ይዘው ከውስጥ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ የሰብሳቢው ባለቤት እህት ሆነው ከውጭ ቆሙ። ልጆቹ፣ የልጆቹ ልጆች፣ ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ ተጠያየቁ። ሰብሳቢው ሊስሙ ወጡ። ደቂቃው ሲያልቅ ስለ ባሏ ገና አልጠየቁም። በሩ ሲዘጋ እሳቸው ውጭ ናቸው። እውነተኛ ባቡር ቢሆን ቅርጫቱ ብቻውን አምስተርዳም ይገባ ነበር።

ዘመዶች የጤናቸውን ሁኔታ ቀድመው በቮይስ ሜሴጅ እንዲልኩና ጣቢያ ላይ መሳም ብቻ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ኮሎኝ

ጸሐፊው ባቡሩ ኮሎኝ ላይ እንዳይቆም ሐሳብ አቀረበ። ምክንያት ተጠየቀ። ምክንያት መስጠት ግዴታ አለመሆኑን ጸሐፊው አስረዳ። ወይዘሮ ካሳነሽ "ምክንያቱማ ይታወቃል፣ ወንድምዎ ሰርፀ እዚያ ነው" አሉ። ጸሐፊው በጸሐፊው ባለቤት ቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ወንድም ተብሎ እንዳይጻፍ አሳሰበ። ብሩክታዊት "ጋሼ፣ ባቡሩ የኛ አይደለም እኮ! አትቁም ልንለው አንችልም" አለች።

በዚህ መሃል ወይዘሮ ካሳነሽ ሳያስፈቅዱ ስልክ ደውለው፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍተው፣ እየሠራ ያለው የልብስ ማድረቂያ ማሽን ላይ አስቀመጡት። ድምፁ የሰርፀ ነው።

"ጥሩነህ አለ?" አለ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን መጻፍ ቀጠለ።

"እንዳለ አውቃለሁ። ሲያጉረመርም ይሰማኛል።"

ሰብሳቢው የሚሰማው የማድረቂያው ማሽን መሆኑን ገለጹ።

ሰርፀ ሲናገር፣ በቀብሩ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር፣ ሊናገር ሲደውል ጸሐፊው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደዘጋበት፣ እግሩም ስለተቆረጠ ጣቢያ መውጣት እንደማይችል፣ ስለዚህ ባቡሩ ቆመ አልቆመ ለእሱ አንድ መሆኑን አስታወቀ።

ማድረቂያው ቆመ።

ጸሐፊው "የትኛው እግር?" ሲል ጠየቀ።

"ግራው።"

"ኳስ የምትመታበት?"

"እሱው።"

ጸሐፊው ነገሩ ከአጀንዳ ስለወጣ ስልኩ እንዲዘጋ አዘዘ። የዘጋ የለም።

አጀንዳ 4፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ጸሐፊው ይህን ያህል ነገር የደበቀ ሰው በር ላይ ቆሞ የሚወቀስ ሳይሆን ቤቱ ድረስ ተሄዶ፣ ተቀምጦ የሚወቀስ መሆኑን ገለጸ። ለዕርቅ አለመሆኑም ይያዝልኝ አለ። ተይዟል። ሰርፀ "አልጋ አለኝ" አለ። ሰብሳቢው ያለ ሽማግሌ ወቀሳ የለም ብለው ሁሉም አብሮ ይሂድ አሉ። ጸሐፊው ተቃወመ፣ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተሸነፈ።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሦስት ደቂቃ ለወቀሳ ስለማይበቃ የባቡር ጉዞ የለም። ብሩክታዊት አፑን ዲሊት አድርጋለች። ኮሚቴው በአውሮፕላን ሄዶ ሰርፀ ቤት ይገባል።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ተበተነ ብለውኛል። እኔ ያልተዘጋውን የወይዘሮ ካሳነሽን ስልክ ይዤ ውጭ ነበርኩ።